ከጅቡቲ እስከ ሆጤ፣ በነፃ

እዚህ ጅቡቲ የማገኛቸው የአገሬ ልጆች ከቤት የወጡበትን ቀን ሲያወሩ ሁሉም የወጡት በሌሊት ነው፤ ጅብ እየጮኸ፣ ጨረቃ ጠፍታ፣ እናት አፏን በነጠላዋ አፍና። እኔ ልዋሻችሁ አልችልም። እኔ የወጣሁት ሰኞ ጧት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ በአውቶቡስ ነው። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ ሰው ከደሴም ከኮምቦልቻም ይጎርፋል፣ የኬላ ፈታሾቹ ስንቱን ፈትሸው ይዘልቁታል? «ገበያተኛ ምሰይ» ስለተባልኩ ባዶ ቅርጫት ይዤ ነበር። የደሴው የጦሳ ተራራ ጉም እስከ ሰፈራችን እስከ ሆጤ ወርዶ የጎረቤቶቻችንን ቤት ውጦት ስለነበር አንዳቸውንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ብቻዬን ግን አልነበርኩም። እናቴ እስከ ኮምቦልቻ አብራኝ ወረደች። የስፌት መኪናዋም አብራን ወረደች፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ በገመድ ተጠፍራ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ እናቴ እኔን አላየችኝም። በየኩርባው አንገቷን በመስኮት እያወጣች ጣሪያውን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ተቀይሜያት ነበር፤ አሁን አልቀየማትም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሁለታችንን ያበላችን ያቺ መኪና ናት።

ዘሃራ እባላለሁ፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ይኼን የምጽፈው የሆጤ ልጆች እንዲያነቡት ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ለመውጣት ልብሷን የምትቋጥር እህቴ ካለችም በተለይ እሷ እንድታነበው። ደብተሩን ገዝቻለሁ፣ እስክሪብቶውም አዲስ ነው፤ ስለዚህ ማንም አያስቆመኝም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። ከደሴ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይለፍ ደግሞ የሚሰጠው ቀበሌ ነው። ጸሐፊው ፊት ቆምኩ።

«ይለፍ በነፃ ነው የምንሰጠው» አሉኝ። «አብዮቱ ከድሃ ላይ አምስት ሳንቲም አይወስድም።»

«አላህ ይስጥልኝ ጓድ።»

«ወረቀት ግን አልቋል።»

ወጥቼ ከፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደብተር ገዝቼ ተመለስኩ። አንድ ገጽ ቀደዱና ደብተሩን መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«የቀረውስ ጓድ?»

«የቀረው የሕዝብ ነው።»

ጻፉ። ከዚያ ማኅተሙን አነሱና በትንፋሻቸው እፍ እፍ አሉበት። «ማኅተሙም ነፃ ነው። ግን ሰኞ ማታ የቀበሌው ኪነት ትርኢት አለው፤ ሁለት ትኬት ቀርቶኛል።»

«ሰኞ እኮ ባቲ ነኝ ጓድ። እርስዎ ራስዎ አሁን ጻፉልኝ። ትርኢቱን አላየውም።»

«ታዲያ ማን እዪው አለሽ? ግዢው ነው ያልኩሽ።»

«ሁለቱንም?»

«እናት የለሽም እንዴ?»

የቀበሌውን በር እስክወጣ ሳቄን በእጄ አፍኜ ነው የያዝኩት። ዛሬ ሳስበው ግን እኒያ ሰውዬ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከሚመጡት ሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ ቢያንስ የወሰዱትን ገንዘብ ስም ሰጥተውታል፣ ትኬቱንም በእጄ አስይዘውኛል።

እንግዲህ ኮምቦልቻ ደረስን። ደሴ ላይ ሹራብ ለብሼ ተሳፍሬ ኮምቦልቻ ላይ በላብ ተጠመቅሁ፤ ያንን ሙቀት ሙቀት ብዬ ተማርሬ ነበር፣ አላህ ይቅር ይበለኝ! መኪናዋን በጋሪ ጭነን ወደ አያ ኢብሬ ሱቅ ሄድን።

አያ ኢብሬ ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸው ከፊት ለፊቱ ክብሪት፣ ሻማና ሳሙና ይሸጣል፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ከጅቡቲ በግመል የሚገባ የኮንትሮባንድ ጨርቅ አለ። በየወሩ ራሳቸው ጅቡቲ ደርሰው ይመለሳሉ። መቁጠሪያቸው፣ ሙስበሃው፣ ከጣታቸው አይወርድም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፣ ሲመርቁ ደግሞ ዓይን እንባ ያቀራል። እውነቱን ለመናገር እወዳቸው ነበር።

«ሦስት መቶ ብሩ ይኸው» አሏት እናቴን፣ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ እየሰጧት። «ለመንገድ መሪው፣ ለግመሉም፣ ለስንቁም ይበቃታል። ወለድ የሚባል ነገር እኔ ቤት አይገባም። ወለድ ሐራም ነው።»

«አላህ ይጨምርልዎት አያ ኢብሬ።»

«መኪናዋ እኔ ዘንድ በመያዣነት ትቀመጥ። ልጅቱ እየላከችልሽ እስከ መውሊድ ከከፈልሽኝ ትወስጃታለሽ። ካልሆነ ግን… ኸረ አብሽሪ፣ ካልሆነ አይባልም።»

«እንዳትዝግብኝ ብቻ» አለች እናቴ፣ መኪናዋን በመዳፏ እየዳበሰች።

«አትዝግም! ሰፊ አስቀምጬ አሠራታለሁ። የምትሠራ መኪና አትዝግም።»

እናቴ እጃቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። እኔም ጎንበስ አልኩ። አያችሁልን? የገዛ መኪናችንን ወስደው ሊሠሩባት ነው፣ እኛ ደግሞ ስለማትዝግልን እናመሰግናለን።

እናቴ መሐረቡን ሳትፈታ እኔ ደረት ውስጥ ከተተችው። እኛ አገር ገንዘብ በእጁ ይዞልህ የመጣ ሰው ፊት አይቆጠርም፤ ይኼን ከወሎ ውጭ ያደገ ሰው ካነበበው እንዲገባው ነው የምናገረው። አማና ነው፣ አደራ። ፊቱ ላይ መቁጠር «ሌባ ነህ» ብሎ ከመጥራት አይተናነስም። ሰውየው ይሄዳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ ይቆጠራል፤ ጎድሎ ከተገኘም የጎደለው ይዋጣል እንጂ አይወራም። እኔ የቆጠርኩት ባቲ ደርሼ፣ ብቻዬን፣ ከገበያው ጥግ ነው። ሁለት መቶ ዘጠና ነበር። «ተሳስተው ነው» አልኩ። ዕዳችን ግን ሦስት መቶ እንደሆነ ቀረ።

የበረሃውን መንገድ አላስረዝመውም። አፋሩ መንገድ መሪ ዋጋውን በጣቱ ቆጥሮ ነገረኝ፣ ተቀበለኝ፣ ፊቴ ላይ ቆጠረው፣ በዐሥራ አንደኛው ቀን አደረሰኝ። ሲቆጥር ቅር ብሎኝ ነበር። ምን ያለ ባለጌ ነው ብዬ! እስከ ዛሬ የማከብረው ነጋዴ ግን እሱን ብቻ ነው።

ጅቡቲ! ደሴ ላይ በነሐሴ ብርድ እጃችሁን ብብታችሁ ውስጥ ከትታችሁ የምታማርሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ያንን ብርድ በጆንያ ላኩልኝ። እዚህ ነፋሱ እንኳ ከምድጃ የወጣ ነው። ዳቦው ባጌት ይባላል፤ እንደ ዱላ ረጅም ነው፣ ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ባዶ፤ ድፎ ዳቦ የለመደ ሰው ሆዱን ሊያታልልበት ይችላል እንጂ አይጠግብበትም። ሰላምታቸው «ሳቫ?» ነው። «ሳቫ» ይላሉ፣ ያልፋሉ። ስለ ከብቱ፣ ስለ ቤተ ዘመዱ፣ ስለ ጎንህ ውጋት የሚጠይቅህ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሁሉ የተጣላኝ መስሎኝ ነበር።

ከተዋበች ጋር አንድ የቆርቆሮ ክፍል ተከራየን። ተዋበች የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ማተቧ ጥቁር፣ ሳቋ ሰፈር የሚያናውጥ። አከራያችን አስሊ የምትባል አሮጊት ሶማሌ ናት። ከቁርኣን ቤት በቀረችኝ ዐረብኛ ተነጋገርን።

«ኪራዩ ሁለት ሺህ ፍራንክ ነው» አለችን። «ውሃው በላሽ።»

«በላሽ» በዐረብኛ በነፃ ማለት ነው። በእኛ አማርኛ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ተዋበች «እውነቷን ነው» ብላ ሳቀች።

«ባልዲው ግን በቀን ሃያ ፍራንክ ይከራያል።»

«የራሳችንን ባልዲ ብንገዛስ?»

«ግዙ። የውጭ ባልዲ በእኔ በር ሲገባ ሃምሳ ፍራንክ ነው።»

«አንድ ጊዜ?»

«በገባ ቁጥር።»

ሥራ አገኘሁ። አንዲት ፈረንሳዊት ማዳም ቤት አጸዳለሁ፣ ልብስ እተኩሳለሁ፤ በወር ዐሥራ አምስት ሺህ ፍራንክ። ምሳዬንም እዚያው እበላለሁ። ስለዚህ ዐሥሩን ሺህ በየወሩ ለእናቴ መላክ እችላለሁ። ሒሳቡን ስሠራ ከደስታዬ ብዛት ፍራሹ ላይ ዘለልኩ። ሦስት ወር፣ ቢበዛ አራት ወር፣ መኪናዋ ሆጤ ትገባለች!

የሚወስድልን ማን ነው? አያ ኢብሬ ናቸዋ! በየወሩ ዓርብ ከሶላት በኋላ አስሊ ግቢ ይመጣሉ፤ ሰባት የወሎ ልጆች እንሰበሰባለን፤ ከእናቶቻችን የመጣውን ትንንሽ ቋጠሮ ያከፋፍሉናል። የእኔ በሶ ነው፤ እናቴ በፊት ስትሰፋ የተረፋትን ጨርቅ እየቀደደች ነው አፉን የምታስረው። ከዚያ እኛ ፍራንካችንን እንሰጣለን።

«ስንት ይወስዱልናል አያ ኢብሬ?» አልኳቸው መጀመሪያ ቀን።

ፊታቸው ጠቆረ። «ሳንቲም አልነካም! ለአላህ ብዬ ነው። የድሃ ልጅ ላብ ላይ ላተርፍ?»

አፈርኩ። መሬት ብትከፈት ደስታዬ ነበር።

«ዐሥር ሺህ ፍራንክሽ በመንግሥት ምንዛሪ መቶ ዐሥራ አምስት ብር ነው» አሉ። «እኔ ጥቁር ገበያ አላውቅም፤ ሐራም ነው። ደግሞ አደራ፣ ደብዳቤ ላይ የብሩን ልክ እንዳትጽፊ። ኬላ ላይ ከተያዘ እናትሽ ናት የምትታሰረው።»

ማሻአላህ፣ እንዴት ያስባሉ! አልጻፍኩም። መጻፍ የምወደው እኔ፣ የሰፈሩን ሴቶች ደብዳቤ ሁሉ የምጽፈው እኔ፣ ይችን አንዲት ቁጥር ሦስት ወር ሙሉ ዋጥኳት። ለአያ ኢብሬም «ዕዳችንን ለምን እዚሁ አልከፍልዎትም?» ብያቸው ነበር። «ዕዳው የእናትሽ ነው፣ እኔ ከልጅ እጅ አልቀበልም» አሉኝ። ስለዚህ ገንዘቡ ከእሳቸው እጅ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ እጅ ደግሞ ወደ እሳቸው ይዞር ነበር። ያን ጊዜ ይኼ ክብር መሰለኝ።

ሦስት ጊዜ ላክሁ። በእኔ ሒሳብ ሦስት መቶ አርባ አምስት ብር ነው፤ ዕዳው አልቆ ሊተርፍም ነው። አራተኛውን ወር ደመወዜን የተቀበልኩ ቀን ለራሴ ሽቶ ልገዛ ገበያ ወጣሁ፤ መብቴ አይደል?

እዚያ ሳራፎቹ አሉ። ሳራፍ ገንዘብ መንዛሪ ናት፤ ትልልቅ ሴቶች ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ የአገሩን ሁሉ ብር ይከምራሉ። አልፌ ልሄድ ስል ከአንዷ ክምር ላይ አንድ የማውቃት ሴትዮ አየችኝ። አሥር ብራችን ላይ ስፌት የምትሰፋዋ! የአገሬ ብር! ዘመድ ያገኘሁ ያህል ቁጢጥ ብዬ አየኋት። ለመግዛት አልነበረም፣ ወላሂ፤ ልይዛት፣ ላሸታት ነበር።

«በስንት ነው?» አልኳት እንዲያው ለወጉ።

«የሐበሻ ብር ርካሽ ነው። ዐሥር ሺህ ስጪኝና ሁለት መቶ ሠላሳ ውሰጂ።»

«ስንት?»

«ሁለት መቶ ሠላሳ። ለአንቺ አርባ ላድርግልሽ?»

ሽቶውን ተውኩት። ቤት ስገባ ተዋበች እግሯን ትታጠብ ነበር፤ ለእሷ የመጣ የወንድሟ ደብዳቤ ትራሱ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል፣ አንባቢዋ እኔ ነኝና። ወንድሟ ኮምቦልቻ ከአያ ኢብሬ ሱቅ አጠገብ ጫማ ይጠግናል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ስለ ጤናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ቀጥሎ «አያ ኢብሬ ዘንድ ያለችው የሆጤዋ ሴትዮ የስፌት መኪና ከጧት እስከ ማታ አታርፍም፤ ድምፅዋ ጆሮዬን በላው፤ ሰውየው እኮ ሁለተኛ ሰፊ ቀጠሩ»።

ደብዳቤውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ተዋበች ቀና አለች። «ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም።»

የእናቴ ደብዳቤም በዚያው እለት፣ በሌላ ነጋዴ እጅ ነው የደረሰኝ። የሚጽፍላት የጎረቤት ተማሪ ነው፤ አያ ኢብሬ «ቁጥር እንዳይጻፍ» ማለታቸውን አላወቀም መሰለኝ እንዲህ ይላል፦ «ልጄ፣ በየወሩ የምትልኪልኝ መቶ ብር ደርሶኛል። አያ ኢብሬ አማናሽን ይዘው በመጡ ቁጥር ዶሮ አርጄ፣ ቅቤ አንጥሬ፣ ጎረቤት ጠርቼ ዱዓ አስደርጌልሻለሁ፤ ሃያ ብር ያህል በዚህ ይሄዳል። ሃያውን እኔ እበላበታለሁ፣ መኪናዋ ስለሌለች ሌላ የማገኘው የለኝም። ስድሳ ስድሳውን ለአያ ኢብሬ ከፍያለሁ። መቶ ሃያ ቀርቶናል። መውሊድ ግን ደረሰ።»

ደብተሬን አወጣሁ። እናንተም እርሳስ ያዙ፣ ከባድ አይደለም። ሦስት ጊዜ የሰጠኋቸው ሠላሳ ሺህ ፍራንክ እዚህ ጅቡቲ፣ ማንም መንገደኛ ሳይደክም፣ በርጩማ ላይ በተቀመጠች ሴትዮ እጅ ስድስት መቶ ዘጠና ብር ነው። እናቴ እጅ የገባው ሦስት መቶ ነው። ሦስት መቶ ዘጠናው የት ገባ? ፍራንኬ ጨርቅ ሆኖ በግመል ባቲ ገባ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ተሸጠ፤ በመንግሥት ምንዛሪ ብር የሆነው እኔ ፊት ብቻ ነው። ከመቶ ዐሥራ አምስቱ ላይ ደግሞ ዐሥራ አምስቷ፣ እናቴ በማትቆጥርበት መንገድ ላይ ወደቀች። በዚያ ላይ ዶሮው። በዚያ ላይ መኪናዋ የምትሰፋው። ሰውየው ሳንቲም አልነኩም፤ እውነታቸውን ነው፣ የነኩት ብር ነው።

በጣም ያስጠላኝ ገንዘቡ አልነበረም። ምርቃቱ ነው። እናቴ ዶሮ ሰርታ፣ በገዛ ገንዘቧ፣ ሌባዋን «አሚን» ስትል ታየችኝ።

ያን ዓርብ አያ ኢብሬ መጡ። በሶውን አከፋፈሉ። የእኔ ቋጠሮ አፉ የታሰረው ባለፈው ወርና ባለፈው ባለፈው ወር በታሰረበት በዚያው ግራጫ ጨርቅ ነበር፤ እናቴ የምትቀደው ሌላ ጨርቅ የላትም።

«እህሳ ዘሃርዬ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፣ «አማናሽን።»

ከሳራፏ ዘንድ በአምስት ሺህ ከሁለት መቶ ሃያ ፍራንክ የገዛሁትን መቶ ሃያ ብር ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። ዐሥራ ሁለት ስፌት ሰፊ ሴቶች።

ደነገጡ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ብር ነው አያ ኢብሬ። የቀረብን ዕዳ።»

«እዚህ ብር ምን ይሠራልኛል? እኔ የምፈልገው…» ብለው አቆሙ።

«ምን ነበር የሚፈልጉት?» አለች ተዋበች፣ ጣፋጭ አድርጋ።

«ብር በድንበር ማሳለፍ ወንጀል ነው ማለቴ ነው።»

«ጨርቁስ?» አለች ተዋበች።

አስሊ እንኳ አማርኛ ሳይገባት ከባልዲዋ ቀና ብላ ታይ ጀመር። እኔ አንቱታውን አልተውኩም።

«ይቁጠሩት አያ ኢብሬ።»

«ልቁጠር? ያ ረቢ! አማና ይቆጠራል እንዴ? የማን ልጅ ነሽ አንቺ? እናትሽ እንዲህ አሳደገችሽ?»

«ይኼ አማና አይደለም። ዕዳ ነው። ዕዳ ይቆጠራል።»

ሙስበሃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቆጠሩ። ሰባት ሴቶች እየሰማናቸው ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ቆጠሩ። ከዚያ አስቀድሜ የጻፍኩትን ወረቀት ሰጠኋቸው፤ ያማረ ጽሕፈት ነው፣ ሦስት ጊዜ ነው የገለበጥኩት፦ «ከሆጤዋ ሴት ሦስት መቶ ብር ተሟልቶ ተከፍሎኛል፤ የስፌት መኪናዋን እስከ መውሊድ እመልሳለሁ።»

«አልፈርምም።»

«እንግዲያው እኔ የኮምቦልቻውን ወንድሜን መስጊድ ደጅ ልላከው» አለች ተዋበች፣ «ሽማግሌዎቹ ከጁምዓ ሲወጡ የምንዛሪውን ነገር ያጫውታቸው።»

ፈረሙ። ግልባጩን ለተዋበች ወንድም ላክሁት። አያ ኢብሬ የተነሱት ብድግ ብለው፣ ምንም ሳይመርቁ ነው። በር ላይ ዞረው «ይኼን ሁሉ ዓመት በነፃ ስላገለገልኳችሁ!» አሉን። ከሰባታችን ያን ቀን ፍራንኳን የሰጠቻቸው አንዲትም አልነበረችም። ተዋበች እስከ ማታ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው እንዴት ባማረ! ግን የዚያ ቀንም የተደበቀ ዋጋ ነበረው፣ የከፈልነውም ቀስ ብለን ነው። አያ ኢብሬ ለነጋዴው ሁሉ «እነዚያ ልጆች ያስፈርማሉ» ብለው ነገሩ። ከዚያ ወዲያ አማናችንን የሚቀበል ጠፋ። ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤም፣ በሶም። አራት ወር ሙሉ አንድ ቋጠሮ አልመጣም። አሁን በየወሩ ብር ከሳራፏ እገዛና ቆርቆሮ ሣጥኔ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ምንዛሪዬ ግሩም ነው፣ አንድ ሳንቲም አይጎድልም። ብሩ ጅቡቲ፣ እናቴ ሆጤ።

ትናንት ስልክ ደወልኩ። ደሴ ቴሌ አስቀድሞ የጥሪ ወረቀት ልኮላት እናቴ በቀጠሮው ሰዓት መጥታ ትጠብቃለች። እዚህ የስልክ ቤቱ ጸሐፊ ለሦስት ደቂቃ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ ተቀበለኝ።

«ሦስቱ ደቂቃ እናቴ ‹ሄሎ› ካለችበት ነው አይደል?» አልኩት፤ እኔ ከእንግዲህ ሳልጠይቅ አልከፍልም።

«ደሴ ስልኩን ካነሱበት።»

«እናቴ ወንበር ላይ ብትሆንስ? ተነሥታ እስክትመጣ?»

«ቶሎ ትምጣ።»

ደሴ አነሡ። የእናቴን ስም ሲጠሩ ሰማሁ፤ ከዚያ እርምጃ፣ ቀስ ያለ፣ ጫማዋ የሚጎተት። ሰከንዶቹን ቆጠርኩ።

«ሄሎ?»

«እማ!»

«ዘሃርዬ! አሰላሙ አለይኩም! ደህና ነሽ? ጤናሽ ደህና? ጎንሽ ደህና? ሆድሽስ? ሙቀቱ እንዴት አረገሽ? ማዳሚቱ ደህና ናት? ያቺ የባልዲዋ ሴትዮ ደህና ናት? ያቺ ክርስቲያኗ ጓደኛሽ ሳቋ አለ?»

«አለ እማ፣ ሁሉም አለ፣ አልሐምዱሊላህ።» አንድ ደቂቃ አለቀ። ልቆርጣት ነበር። ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ስለ ጎኔ የጠየቀኝ ሰው ነው፤ ተውኳት። «እማ፣ መኪናዋስ?»

«መጣች። ቺንጋዋ ተበልቷል፣ ፔዳሏም ይንቋቋል፣ እንደ ሰው አርጅታለች። ግን መጣች። አያ ኢብሬን አስቆጠርሻቸው አሉኝ።»

«አዎ።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«አባትሽ ቢኖር መግቢያ ያጣ ነበር። ሆጤ ቀና ብዬ መሄድ አልቻልኩም እኮ ልጄ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማንም እንዳይሰማት፣ «ለመሆኑ ስንት ነበር የጎደለው?»

«ሦስት መቶ ዘጠና።»

«ያ ጀሊሉ!» አለች። ሳቀች ይሁን አለቀሰች ሽቦው አይለይም።

«እማ፣ አሁን ምን ዓይነት ጨርቅ ነው የምትሰፊው? ቀለሙ ምንድን ነው?»

አልሰማችኝም። «ዘሃርዬ፣ ይኼ ስልክ በስንት ነው የሚያስወራው? ልዝጋልሽ፣ እንዳያስወጣሽ።»

ጸሐፊው ከመስታወቱ ጀርባ ሰዓቱን በጣቱ እየመታ አሳየኝ። ቦርሳዬን ከፈትኩና ሌላ ሺህ አምስት መቶ ፍራንክ ሳልቆጥር ባንኮኒው ላይ አደረግሁለት።

«ነፃ ነው እማ» አልኳት። «አውሪኝ።»